ወደ ግሸን፣ ብቻዬን

ባና ሲረጥብ የሚሸተውን የማያውቅ ሰው ስለ መንዝ ሲያወራ ብዙም አላምነውም። የበግ ጠጉር አለበት፣ ጭስ አለበት፣ የቆየ ቅቤ አለበት፤ ደግሞም ስሙን የማላውቀው፣ ብርድን ራሱን የሚመስል ሽታ አለበት። ባለፈው ነሐሴ ለጉዞ የሚሆነኝን ዕቃ ስለይ ከሣጥኑ ግርጌ እናቴ ትደርበው የነበረውን የሱፍ ባና አወጣሁና ነፋስ እንዲያገኘው አጥር ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ ገብቼ፣ ዝናብ ስለማያስገባ ጃኬት የሚያብራራ ሰው በስልኬ እያየሁ ቆየሁ፤ ካፊያው መምጣቱን አላወቅኩም። ስወጣ ባናው ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። ወደ ቤት ሳስገባው ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ እኔም ጃኬቱን ረስቼ ተቀመጥኩ።

ያሰብኩት ጉዞ ወደ ግሸን ማርያም ነው። አምባሰል ውስጥ ያለችው፣ አናቷ የመስቀል ቅርጽ የያዘው፣ ግማደ መስቀሉ ያረፈባት፣ በጥንት ዘመን ደግሞ የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይመኙ የሚጋዙባት አምባ። ለብቸኝነት እሷን መምረጤ ታሪክ የሚያውቁ ወዳጆቼን አስቋቸዋል። እኔ ግን ከነዚያ መሳፍንት የተሻለ ዕድል አለኝ፤ በፈለግኩ ጊዜ መውረድ እችላለሁ። ደግሞም የምሄደው ሕዝቡ እንደ ጎርፍ በሚወጣበት በመስከረም ክብረ በዓል አይደለም። ሰው ሁሉ ከወረደ በኋላ፣ በጥቅምት፣ ተራራው ራሱ ትንፋሹን ሲሰበስብ ነው።

ብቻዬን የሆነበት ምክንያት የተወሳሰበ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ሳምንት እንኳ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ከእህት ወንድሞቼ ጋር አንድ መደብ ላይ ተደራርበን አደግን፤ ከዚያ የመምህራን ማሰልጠኛው መኝታ ቤት፤ ከዚያ ባል፣ ከዚያ ልጆች፣ ከዚያ ሥልሳና ሰባ ተማሪ የሚታጨቅበት ክፍል፣ በመጨረሻም እናቴን ማስታመም። ባሌ አረፈ፣ ልጆቹ ሄዱ፣ ማስተማሩንም ተውኩና ወደ ተወለድኩበት ወደ መሐል ሜዳ ተመለስኩ። እዚህ ደግሞ ጎረቤት አለ። ሰው ማኅበራዊ ፍጡር ነው እያሉ የሚጽፉ ሊቃውንትን ብዙ አንብቤአለሁ፤ አብዛኞቹ በሩ የሚቆለፍ የራሳቸው ክፍል የነበራቸው ይመስለኛል።

መጀመሪያ ግሸን የሄድኩት ጡት ማጎጥጎጥ በጀመርኩበት ዕድሜ ነው። ዘመኑን በትክክል አልናገርም፤ አንዱ መንግሥት ሄዶ ሌላው ገና በመለመድ ላይ የነበረበት ጊዜ ነው፤ በእኛ አገር ይህ ብዙ ዘመን ይሸፍናል። የዚያን ጊዜዋ መሐል ሜዳ አንድ ጎዳናና ብዙ ነፋስ ነበረች። ጎዳናው መሃል ላይ ቴፕ ያለው ቡና ቤት ነበር። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኙ እንደ ታመመ ሰው እየጎተተ ይዘፍናል፤ ባለቤቱም ድንጋዮቹን አውጥቶ በረንዳው ላይ ፀሐይ ያሞቃቸዋል። እኛ ልጃገረዶች ውሃ ቀድተን ስንመለስ እንስራችንን እዚያ ጥግ አሳርፈን ድንጋዩ እስኪሞቅ እንጠብቃለን። የወደድኩትን ዘፈን ሁሉ የማውቀው በዚያ በዘገመ ፍጥነቱ ነው፤ ኋላ አዲስ አበባ በትክክለኛ ፍጥነቱ ስሰማው የተጣደፈና ያልተማረ መሰለኝ። ከቡና ቤቱ ጎን ልብስ ሰፊው መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ ይቀመጥ ነበር። ለዚያ ጉዞ የሰፋልኝ ቀሚስ አረንጓዴ ቴትሮን ነበር፤ ጫማዬም በሁለት ብር ከስሙኒ የተገዛ ላስቲክ ኮንጎ። ዛሬ በሁለት ብር ከስሙኒ የሚገዛ ነገር የለም፤ ብሩን ራሱን የሚቀበል ሰውም አይገኝም። የኮንጎ ጫማ ጥሩነቱ ውሃ አለማስገባቱ ሳይሆን ያስገባውን ውሃ መልሶ ማስወጣቱ ነበር። ስለ ጃኬት የሚያብራራው ሰውዬ ይህን ቢያውቅ ደግ ነበር።

የሄድነው በእግር ነው፣ የደብራችን የማርያም ማኅበር በሙሉ። እናቴ፣ ታላቅ እህቴ የሺመቤት፣ እኔ፣ ቀሪውም አጥቢያ። ስንቃችን በሶና ዳቦ ቆሎ፣ ለቄሶቹ ደግሞ ጭኮ። በጊሼ በኩል፣ በራቤል አድርገን፣ ገደል ወርደን ገደል እየወጣን ወደ ወሎ ተሻገርን። ከሁላችን ፊት የማኅበሩ ሙሴ ይሄዳል፤ የማኅበር አለቃ የሚጠራው እንዲያ ነው። ሙሴው ሲዘምር እንዘምራለን፣ ሲያርፍ እናርፋለን፣ እሱ ሲጠማው እኛም እንዲጠማን ይጠበቃል። ከሁላችን ኋላ ደግሞ፣ ድንጋይ ቢወረወር በማይደርስበት ርቀት፣ ጋሼ ደምሴ የሚባል ባና ሸማኔ ብቻውን ይመጣ ነበር።

ጋሼ ደምሴ ከሙሴው ጋር ተጣልቷል። ነገሩ በጎች የሰው ገብስ ገብተው ነው፤ እኛ አገር ሌላ የጠብ ምክንያት አይታወቅም ማለት ይቻላል። የተጣላ ሰው ደግሞ ከማኅበሩ ጽዋ አይቀምስም፣ ከማኅበሩ ጋር አይሄድም። ተከትሎ ይሄዳል እንጂ። የእሱን ድርሻ በሶ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጠን እናልፋለን፤ እሱ ሲደርስ አንሥቶ ይበላል። አስቀማጯ እህቴ ነበረች፤ ዝንብ እንዳያርፍበት በቅጠል ትሸፍነዋለች። ተራራው ግርጌ ስንደርስ ሁሉም ቆመ፤ ጠብ ይዞ ግሸን አይወጣም። ጋሼ ደምሴ ድንጋይ ጫንቃው ላይ አድርጎ መጣ፣ ሙሴው ድንጋዩን አወረደለት፣ ተቃቀፉ፣ ሴቶቹ አለቀሱ፣ ወጣን።

ሌላው ሰው ከዚያ ጉዞ የሚያስታውሰው ዕርቁን ነው። እኔ ግን ቅር እንዳለኝ አስታውሳለሁ። በመንገዱ ሁሉ ስቀናበት ነበር የከረምኩት። ዘምር የሚለው የለም፤ እግሬን አመመኝ የምትለው አክስት የለችም፤ ስንቁ እኛ ከበላነው ጋር ያው ነው፣ ያውም በቅጠል የተሸፈነ። ከዚያ ሁሉ ሰው መልክዓ ምድሩን ያየው እሱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁንም ይመስለኛል።

እንግዲህ ዘንድሮ ዕቅዴን ይዤ መናኸሪያ ሄድኩ። ደሴ ለመድረስ የትኛው መንገድ እንደሚሻል፣ መንገዱም ክፍት መሆኑን ለመጠየቅ ነው፤ በዚህ ዘመን ከታሪፉ በፊት የሚጠየቀው ይህ ነው። ትኬት ቆራጩ «እስካሁን ክፍት ነው» አለኝና «ስንት ሰው ናችሁ?» ሲል ጠየቀኝ።

«አንድ።»

«ሌላው የት ቀረ?»

«ሌላ የለም።»

በርኅራኄ አየኝ። ከዚያ ወጥቼ ገበያው ውስጥ እህቴን እትዬ የሺን አገኘኋት። አንድ እህል ነጋዴ ጆንያ ውስጥ እጇን እስከ ክርኗ ከትታ ገብስ ትፈትሻለች፤ ለነጋዴው፣ ለነጋዴው ሚስትና ለሚያልፈው ሁሉ ስለ ገብሱ ታወራለች። እህቴ የምታወራው ለመናገር አይደለም፤ ሌላው ሰው እንደሚተነፍሰው ነው።

«ግሸን ልሄድ ነው» አልኳት።

እጇን ከጆንያው አወጣች። ፊቷ በራ። «ከነማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

«ብቻሽን ማለት?»

«ብቻዬን ማለት ማንም ሳይኖር።»

የያዘችውን ገብስ ወደ ጆንያው መለሰች። «በደኅና ነው?» አለች። በደኅና ነው አልኩ። «እመቤታችን ትከተልሽ» ብላ ሳትገዛ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ቤቴ አልመጣችም። የአረም ሥራ ይሆናል፣ የልጅ ልጅ ታሞባት ይሆናል አልኩ። እውነቱን ለመናገር ዝምታው ተመችቶኝ ነበር። ስለ ጫማ አነበብኩ፣ ስለ ቦርሳ አነበብኩ፤ ብቻቸውን ተራራ የወጡ ሰዎች የጻፉትን አነበብኩ። ብቻውን የወጣ ሁሉ ወርዶ ለብዙ ሰው መናገሩ ያስገርማል።

አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በሬ ተንኳኳ። የንስሐ አባቴ አባ ኃይሌ ናቸው፤ ከኋላቸው የዛሬው የማኅበራችን ሙሴ ጋሽ ሞላ፤ ከእሳቸው ኋላ ደግሞ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እንደ እንግዳ ሰው ደጃፉ ላይ የቆመች እትዬ የሺ። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሐዘን ስለሆነ ማን ሞተ ብዬ ደነገጥኩ።

«ይቀመጡ አባ» አልኩ።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም።»

«ዝናብ እኮ ነው። ገብታችሁ ቁሙ።»

ገብተው ቆሙ። ጋሽ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ትርፌ፣ ከማን ጋር ነው የተጣላሽው?»

«ከማንም ጋር።»

«ሰው ካልተጣላ ግሸን ብቻውን አይሄድም።»

«ኧረ ጋሽ ሞላ፣ ዛሬ ዓለሙ ሁሉ ብቻውን ነው የሚጓዘው።»

«ዓለሙ ሁሉ ተጣልቶ ይሆናላ።»

አባ ኃይሌ እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ጠብ ካለ እኔ አውቀው ነበር፤ ምንም አልነገርሽኝም። ያልነገርሽኝ ኃጢአት ካለም አሁን በሰው ፊት አትንገሪኝ። ግን አጥቢያው ውስጥ ይወራል። ግማሹ የተጣላችው ከማኅበሩ ነው ይላል፤ ግማሹ ከቄሱ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ያስቀየምኩሽ ነገር ትዝ አይለኝም።»

«እርስዎ ምንም አላደረጉኝም።»

«እንግዲያው ከእህትሽ ጋር ነው» አሉ ጋሽ ሞላ፤ «እሷ ናት የላከችን።»

ዞሬ አየኋት። አሁንም በሩ ጋ ናት። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ደብረ ብርሃን ያለው ሐኪም የጉልበቴ አጥንት ተበልቷል ብሎኛል። ዘንድሮ ዳገት ከወጣሁ ወጣሁ፣ ለከርሞ ግን አልወጣም። ያኔ ከእማዬ ጋር ከሄድን ወዲህ ግሸንን አይቻት አላውቅም፤ አንድ ዓመት እርግዝና፣ አንድ ዓመት አጨዳ፣ አንድ ዓመት የሰው ሞት። አንቺ ሥራ ስትተዪ አብረን እንሄዳለን እያልሁ ነው የኖርሁት። ልጠይቅሽ ስል ብቻዬን አልሽኝ። ምን ብያት ነው ብዬ ሳስብ ሰነበትሁ፤ አጣሁት። ባገኘው ኖሮ ድንጋይ ተሸክሜ ነበር የምመጣው።»

ብዙ መጻሕፍት ያነበበ ሰው እንዲህ ሲባል የሚመልሰው ነገር ይኖረዋል ተብሎ ይታሰባል። እኔ ያገኘሁት እውነቱን ብቻ ነው፤ እውነቱም እዚያ ክፍል ውስጥ ሲነገር ተራ ስድብ መሰለ። «አልተቀየምኩሽም» አልኩ። «ዝም ብዬ መሄድ ፈልጌ ነው። ማንም ሳያናግረኝ።»

«ከእኔ ጋር ዝም ማለት አይቻልም?»

ጋሽ ሞላ ሳቃቸውን በሳል ሊሸፍኑት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። አባ ኃይሌ ግን አልሳቁም። «በገዳም አርምሞ የያዙ አባቶች አሉ» አሉ። «ከሰው ጋር ይኖራሉ፣ ከሰው ጋር ይሠራሉ፣ ከሰው ጋር መንገድ ይሄዳሉ። አይናገሩም፤ ሰውም አያናግራቸውም። መሃል ሆነው ብቻቸውን ናቸው።»

«እይዛለሁ» አለች እህቴ።

«ምኑን?» አሉ ጋሽ ሞላ።

«አርምሞ።»

«አንቺ? የሺ፣ አንቺ እኮ ለበግ ሰላምታ የምትሰጪ ሰው ነሽ።»

«በጎቹ ይመልሱልኛል። እርስዎ ነዎት የማይመልሱት።»

ለሽማግሌ እምቢ ማለት ያስደስተኛል፤ ከወጣትነቴ ጀምሮ በዚህ የታወቅኩ ነኝ። ያን ቀን ግን እምቢም እሺም አላልኩም። ይሞከር አልኩ። ወደ ጓሳ፣ አገሩ ሣሩን አስጠብቆ ወደሚያኖርበት ደጋ፣ እንሄዳለን፤ ዳገቱን ወጥተን እንመለሳለን። ከቤቷ ወጥታ እስክትመለስ ቃል ካልተነፈሰች ግሸን አብረን እንሄዳለን። ከተነፈሰች ስለቷን ይዤላት ብቻዬን እሄዳለሁ፣ እሷም ቅር አይላትም። እህቴ በአባ ኃይሌ መስቀል ላይ እሺ አለች። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ሲበሉ ስለ ጠቡ ማንም አላነሣም፤ ያልነበረ ጠብ እንደዚያ በደንብ ሲታረቅ አይቼ አላውቅም።

በሳምንቱ እስከ ጓሳው መዳረሻ በሚኒባስ ሄድን። ጭጋግ ነበር፣ ወዲያ ማዶ የማያሳይ። ዝናብ የማያስገባውን ጃኬቴን ለብሻለሁ። እሷ የሟች ባሏን ካፖርት፣ የልጇን ቦት ጫማ አድርጋ፣ በአንድ እጇ ጃንጥላ በሌላው ዘንግ ይዛ ወረደች፤ ለሹፌሩ በጭንቅላቷ እጅ ነሣች። ሣሩን የሚጠብቀው ሰውዬ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ አለ፤ ያውቃታል። «እትዬ የሺ፣ እንዴት ሰነበቱ፣ ከብቱ፣ ልጆቹ?» አላት። ዝቅ ብላ እጅ ነሣችው። እኔን አየኝ።

«ምን ሆነው ነው?»

«አርምሞ ይዘው ነው።»

«እሳቸው?» ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ በኋላ እስክንርቅ ድረስ እሱም አልተናገረም።

ያሰብኩት፣ መንገድ ስንጀምር ጥቂት ታግሣ አንዱን ነገር አይታ ወሬዋን እንደምትለቀው ነበር። ጭላዳዎቹ ከገደሉ አፋፍ ሣር ሲነጩ አየቻቸው፤ ዝም። በልጅነታችን እናታችን ለክዳን ሣር ያጨደችበትን ቦታ አለፍን፤ ዘንጓን ወደዚያ ዘርግታ አሳየችኝና ዝም። ዳገቱ ሲጀምር ከፊቴ አስቀደምኳት። የጠበቅኩት ዝምታ የመጻሕፍቱ ዝምታ ነበር፤ ነፋስ፣ ወፍ፣ የራስ ሐሳብ። የመጣው ሌላ ነው። ትንፋሿን ሰማሁት፤ አጭር ነው፣ መሃሉ ላይ ይሰበራል። ዘንጓ መሬቱን የሚወጋው በቀኝ እግሯ ጊዜ ብቻ መሆኑን ሰማሁ። ቆም ትልና እንደ ምሰሶ የቆመውን የጅብራ ተክል እንደምታይ ሰው አንገቷን ቀና ታደርጋለች፤ እጇ ግን ጉልበቷ ላይ ነው። ስንት ዓመት ከእኔ ጋር ገበያ ሄዳለች፣ ለቅሶ ሄዳለች፤ ስትሄድ ስለምታወራ ጉልበቷን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ሦስተኛው ጅብራ ጋ ስትቆም «እያመመሽ ነው?» አልኳት።

አልመለሰችም።

«እትዬ፣ እንቀመጥ?»

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገችና መውጣቷን ቀጠለች።

አናቱ ላይ ደርሰን ተመለስን። ቁልቁለቱ ላይ ክንዷን ያዝኩ፤ አልከለከለችኝም። የት ላይ እንደጀመርኩ አላስታውስም፤ ብቻ ስናገር ራሴን አገኘሁት። ደሴ አድረን ጠዋት እንነሣለን፣ በአንድ ቀን አንጣደፍም አልኩ። መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ የቀረውን ዳገት እያረፍን አልኩ። የሐኪሙ ቅባት አለ ወይ፣ ለጉልበት የሚታሰር ጨርቅ ደብረ ብርሃን እገዛለሁ፣ ካፖርቱ ከብዷል፣ ጃኬቴን አንቺ ትለብሻለሽ፣ እኔ የእማዬን ባና እለብሳለሁ አልኩ። የኮንጎ ጫማዬን አነሣሁ፣ ሙሴውን አነሣሁ፣ የቡና ቤቱን ድንጋይ አነሣሁ፤ ሚኒባሱ ውስጥም አላቆምኩ፤ ትኬት የሚቆርጠው ልጅ ዞር ዞር እያለ ሲያየኝ ነበር። እሷ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ጭጋጉን ታያለች፤ አንዳንዴ አንገቷን ትነቀንቃለች።

በሯ ላይ ስንደርስ ጃንጥላውን አጠፈች፣ ቦት ጫማውን አወለቀች፣ አንድ እግሯን ደፉን አሻግራ ወደ ቤቷ አስገባች፤ ሁለተኛውንም አስገባች። ቃሏ ማለቁን አረጋገጠችና ዞረች።

«ትርፌ» አለች፣ «ከአንቺ ጋር መንገድ እንዴት እንደምችለው እንጃ። ወሬ ታበዣለሽ።»



«ለማንኛውም» አለች በሩን እየገፋች፣ «ወደ ደሴ ስንሄድ መስኮቱ ጋ የምቀመጠው እኔ ነኝ።»